የኦንቶሎጂ ቋንቋና ደንብ እስከ የት ያደርሱናል? ከጎጃም የማሳ መረጃ ሥራ የተነሣ ጥያቄ

የጮቄ ልጅ (ክሩን የከፈተ)
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ከአራት ባልደረቦቼ ጋር በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ለገበሬው የሚሰጠውን የእርሻ ምክር፣ ማለትም የአፈሩን ዓይነት፣ የከፍታውን ቀበቶ፣ የሰብሉን ጠባይና የኖራውን ነገር፣ ኮምፒውተር ሊያመዛዝነው በሚችል መልክ ለማስፈር ስንጥር ዓመት ሞላን። የምንሠራው ፕሮቴጄ በተባለው የኦንቶሎጂ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው፤ ኦንቶሎጂ ማለት ነገሮችን፣ ምድቦቻቸውንና ግንኙነቶቻቸውን ለኮምፒውተር የሚፈታ መዝገብ ነው። የምንጽፈው አውል ሁለት (OWL 2) በተባለው የኦንቶሎጂ ቋንቋ ሲሆን፣ አውል የማይችለውን «ይህ ከሆነ ያ ይሁን» የሚል ደንብ በሚጻፍበት በስዊርል (SWRL) እንሞላዋለን ብለን ነበር የተነሣነው። አሁን ሦስት ቦታ ላይ ስለተሰናከልን፣ ጥፋቱ የአጻጻፋችን ይሁን የቋንቋው ወሰን ይሁን የምታውቁ እንድትነግሩን እለምናለሁ።

አስቀድሜ የሠመረልንን ልናገር። አውል ሁለት ቁጥርን በወሰን መገደብ ስለሚችል፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ያለውን ማሳ ወይና ደጋ፣ ከዚያ እስከ 3200 ያለውን ደጋ፣ ከዚያ የሚበልጠውን ውርጭ ብለን ፈታን። ከፍታውን ብቻ ስናስገባ ሪዝነሩ፣ ማለትም ከተጻፈው ተነሥቶ መደምደሚያ የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ምድቡን ራሱ አወጣ፤ የባሕር ዳርን ዙሪያ ከወይና ደጋ፣ የደብረ ማርቆስን ከደጋ፣ የጮቄን አናት ከውርጭ ያለ አንዳች ስሕተት መደበልን። ያን ቀን ሁሉም ነገር በዚህ ቋንቋ የሚያልቅ መስሎን ነበር።

የመጀመሪያው እንቅፋት ከባለይዞታው መጣ። «አንድ ማሳ አንድ ባለይዞታ ብቻ አለው» ብለን ጽፈናል። በክልላችን የይዞታ ደብተር ላይ ግን የባልም የሚስትም ስም ስለሚሰፍር መረጃው ሁለት ስም ይዞ ገባ። እኛ የጠበቅነው የስሕተት መልእክት ነበር፤ ሪዝነሩ ግን ባልና ሚስቱ በሁለት ስም የተጠራ አንድ ሰው ናቸው ብሎ ደመደመ። ሁለተኛው እንቅፋት የአፈር ምርመራ ነው። «እያንዳንዱ ማሳ የአሲድነት መለኪያ ውጤት አለው» ብለን እያለ፣ ውጤት ያልገባላቸው በርካታ ማሳዎች አንድም ቅሬታ ሳይቀርብባቸው አለፉ።

ሦስተኛው ከሁሉ ያስቸገረን ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ ቁጥር) ከ5.5 በታች፣ ማለትም አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ኖራ ይደረግበት የሚል ደንብ አለን። በአዊና በምዕራብ ጎጃም ደጋማ ወረዳዎች ግን ድንች የሚተከልበት ማሳ ብዙ ነው። ድንች አሲዳማ አፈርን ከብዙ ሰብል ይልቅ ይችላል፤ ኖራ ሲበዛበት ደግሞ እከክ የሚባለው በሽታ ይበረታበታል። ስለዚህ «ድንች ካልሆነ በቀር» የሚል ልዩ ሁኔታ ልንጨምር ሞከርን፤ ከጨመርን በኋላ ግን ደንቡ ለአብዛኛው ማሳ ምንም ምክር መስጠት አቆመ።


ደጀን አፋፍ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሦስቱም ችግሮች ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ስለሆኑ አንድ ላይ መመለሱ ይቀላል። አውል የቆመው በክፍት ዓለም እሳቤ ላይ ነው። ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ሳይሆን ገና አልታወቀም ማለት ነው። የአሲድነት ውጤት ያልገባለት ማሳ ሲያይ «ውጤቱ አንድ ቦታ አለ፣ እኔ ግን አላውቀውም» ብሎ በሰላም ያልፋል። እርስዎ የጻፉት ዓረፍተ ነገር ለእርሱ ስለ ዓለም የተነገረ እውነት እንጂ በመዝጋቢው ላይ የተጣለ ግዴታ አይደለም።

የባልና ሚስቱም ነገር እንዲሁ ነው። በአውል ሁለት የተለያየ ስም ሁለት የተለያየ ሰው አያሰኝም። አንድ ብቻ ነው ብለው ከነገሩት በኋላ ሁለት ስም ካመጡለት፣ ሁለቱንም ንግግርዎን አምኖ የሚያስታርቅበት መንገድ ሁለቱን አንድ ማድረግ ብቻ ነው። ወንድና ሴት የማይገናኙ ምድቦች ናቸው ብለው ጽፈው ቢሆን ኖሮ ተቃርኖ አለ ብሎ ይጮኽ ነበር። ያ ደግሞ የባሰ ጣጣ አለው፤ በመላው የዕውቀት ቋት ውስጥ አንድ ተቃርኖ ከተገኘ ከዚያ ቋት ማንኛውም ነገር ስለሚከተል፣ በአንድ ደብተር ምክንያት የሺህ ማሳዎች ምክር ይቆማል።

እኛ ዘንድ የሆነውን ልጨምር። «ይበቅልበታል» የሚል ግንኙነት ፈጥረን መነሻው ማሳ ነው ብለን አወጅን፤ ማሳ ያልሆነ ነገር ሲገባ ይከለክልልናል የሚል እምነት ስለነበረን ነው። አንዱ መዝጋቢ በአንድ ደብር ቅጥር ግቢ ጌሾ ይበቅላል ብሎ አስገባ፤ ሪዝነሩም ደብሩን ማሳ አደረገው። የመነሻና የመድረሻ አዋጅ በአውል መደምደሚያ ማውጫ እንጂ መከልከያ አይደለም። ከሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የመጣ ሰው ሁሉ እዚህ ጉድጓድ ይገባል።

ግዴታንና ጉድለትን ለመፈተሽ የተሠራው ሻክል (SHACL) የተባለው ቋንቋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም አቀፉ የድር ጥምረት ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። ሻክል የገባውን መረጃ እንደ ሙሉ ቆጥሮ፣ «ይህ ማሳ መለኪያ የለውም፣ ያኛው ሦስት ባለይዞታ አለው» ብሎ እያንዳንዱን ጉድለት ለየብቻ ያመለክታል፤ አንዱ ስላጎደለ ሌላው አይቆምም። ፍተሻውን ወደዚያ ያውጡት። የድንቹን ነገር ለሌሎች እተወዋለሁ።


እንጅባራ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሪዝነሩ ባልና ሚስቱን አንድ አካል ማድረጉ ተክሊል ሳያደርስ ቀድሶ ማቁረቡ ነው። ቀልዱ ይቅርና፣ እኔ የማይገባኝ ይህን ሁሉ በተራ ዳታቤዝ ማድረግ እየተቻለ ለምን እንደምትደክሙ ነው። ደግሞም ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰምና ወርቅ ያለበትን ቋንቋ በእንዲህ ያለ ደረቅ አመክንዮ አስራችሁ ትችሉታላችሁ?


የዲማ ተማሪ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቅኔውን ለሌላ ቀን ብናቆየው ይሻላል። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲይዝ ለእያንዳንዱ ፍቺ የራሱን መለያ መስጠት ለኦንቶሎጂ እጅግ ቀላል ሥራ ስለሆነ፣ የቋንቋው ወሰን እዚያ አይደለም። ወሰኑ ያገኘኝ ከስሌት ላይ ነው።

ገበሬው በበዓል ቀን እንደማያርስ ታውቃላችሁ፤ የምክር መልእክት የሚልክ ሥርዓትም አጽዋማትንና በዓላትን ማወቅ አለበት። በዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ በልጅነቴ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያወጣውን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ ተምሬ ስለነበር፣ ይህን ክፍል እኔ ልሥራው ብዬ ተነሣሁ። የ2017ን ዓመት እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕና ተውሳክ በስሌቱ ውስጥ ያሉ ቁጥሮች ስሞች ናቸው፤ መግደፍ ማለትም አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ነው። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 መግደፍ አበቅቴን 1 ያደርገዋል፤ በ19 አባዝቶ በ30 መግደፍ ደግሞ መጥቅዕን 29 ይሰጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆናቸው ማረጋገጫችን ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ 29 እና 4 ተደምሮ 33፣ ሠላሳው ሲገደፍ 3 ይተርፋል፤ ጾመ ነነዌም የካቲት 3 ሰኞ ገባ። ከዚያ ዐቢይ ጾም በ14ኛው ቀን፣ ፋሲካ በ69ኛው ቀን፣ ማለትም ሚያዝያ 12 ዋለ።

ይህን ሁሉ በአውል ብቻ መጻፍ አይቻልም። አውል አንድን ቁጥር ከተጻፈለት ወሰን ጋር ማነጻጸር ይችላል እንጂ ሁለት ቁጥሮችን አይደምርም፣ አያባዛም፣ አይገድፍም። እንዲያውም የሁለት ማሳዎችን ከፍታ አነጻጽሮ «ይህኛው ከዚያኛው በላይ ነው» ማለት እንኳ አይችልም። የጮቄ ልጅ የሠመረላቸው ወሰኑ አስቀድሞ የተጻፈ ቁጥር ስለሆነ ነው፤ ውኃ ከየትኛው ማሳ ወደ የትኛው እንደሚወርድ ቢጠይቁት ዝም ይላቸው ነበር።

ስዊርል የማባዣና የመግደፊያ አብሮ ገነብ ተግባራት ስላሉት በእርሱ ጻፍኩት፤ ሠራም። ነገር ግን ለሰባቱ ዕለታት ተውሳክ ብቻ ሰባት ደንብ፣ መጥቅዕ በመስከረም ወይም በጥቅምት ለመዋሉ ሁለት ደንብ፣ ወንበር አልቦ ሲሆን መጥቅዕ 30 እንዲባል ሌላ ደንብ እያልኩ ስጽፍ፣ የኔታ በጣታቸው አንጓ ቆጥረው የሚጨርሱትን ነገር ማንም ሊያነበው ወደማይችል ጫካ ለወጥኩት። ሪዝነር በለወጥኩ ቀን ደግሞ ሥራው ሁሉ ቆመ። ፔሌት የተባለው ሪዝነር እነዚህን ተግባራት ያውቃል፤ ሄርሚት የተባለው ግን ደንቡን ቢቀበልም ተግባራቱን አያውቅም። ስዊርል እ.ኤ.አ. በ2004 ለውይይት የቀረበ ሐሳብ እንጂ እንደ አውል የጸደቀ ደረጃ ስላልሆነ፣ የትኛው መሣሪያ ምን ያህሉን እንደሚፈጽም ውል የለውም።

በመጨረሻ ስሌቱን በፓይተን በጥቂት መስመር ጽፌ ውጤቱን ብቻ ወደ ቋቱ አስገባሁ። በኦንቶሎጂው ውስጥ የቀረው ጾመ ነነዌ የሚዘዋወር ጾም መሆኑ፣ ከፋሲካ ጋር የተያያዘ መሆኑና የመሳሰለው ነው፤ ለዚህ ደግሞ እጅግ ተስማሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የቀን ነገር ሌላም መዘዝ አለው፤ አውል ሁለት የሚያውቀው የጊዜ ዓይነት በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ጳጉሜን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንጽፋለን፤ የእኛው ለሰው፣ የእነርሱ ለማሽኑ።


ጡረተኛው መምህር
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እስካሁን የተባለው ልክ ነው፤ ሆኖም ወሰኑ ከየት እንደመጣ ካልተነገረ ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች ቸልተኞች ይመስላሉ። አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2004 የጸደቀው አውልም ሆነ በ2009 የጸደቀው አውል ሁለት፣ ሪዝነሩ ለማንኛውም ጥያቄ ጊዜ ይፍጅ እንጂ የግድ መልስ ላይ እንዲደርስ ተብሎ የተገደቡ ናቸው። ደንብን ያለ ገደብ ከአውል ጋር ብታዋህዱ፣ መልስ ላይ እንደሚደርስ የሚያረጋግጥ ስልት ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ ተረጋግጧል። ስለዚህ አብዛኞቹ ሪዝነሮች የስዊርልን ደንብ በስም ለተመዘገቡ ነገሮች ብቻ ይፈጽማሉ። «እያንዳንዱ ማሳ መለኪያ አለው» ስለተባለ ብቻ መኖሩ የታወቀውን፣ ስም የሌለውን መለኪያ ደንባችሁ አያየውም።

ይህ ገደብ ምን ያህል ባልተጠበቀ ቦታ እንደሚያገኝ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ደብረ ማርቆስ ሳለሁ ከተማሪዎቼ ጋር የዘር ሐረግ የሚመዘግብ ሥራ ጀምረን ነበር። ዓላማው ሊጋቡ የሚያስቡ ሁለት ሰዎች እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና እንዳላቸው ማወቅ ነበር። አውል ሁለት የግንኙነት ሰንሰለት መጻፍ ስለሚፈቅድ፣ «የወላጅ ወላጅ ልጅ ልጅ ዘመድ ነው» እያልን በአንዱ በኩል ከአንድ እስከ ሰባት፣ በሌላውም በኩል እንዲሁ ቆጥረን 49 ሰንሰለት ጻፍን። ቋንቋው ሁሉንም ተቀበለ፤ ዝምድናውንም በትክክል አወጣ።

ከዚያ «ዘመድና ተጋቢ የማይገናኙ ግንኙነቶች ናቸው» የሚለውን አንዲት መስመር ስንጨምር ሪዝነሩ አልቀበልም አለ። በአውል ሁለት ከሰንሰለት የሚገኝ ግንኙነት ተራ ግንኙነት አይባልም፤ ተራ ባልሆነ ግንኙነት ላይ ደግሞ መለያየትን ማወጅ፣ ቁጥርን መገደብ፣ «ማንም ለራሱ እንዲህ አይሆንም» ማለት ክልክል ነው። ይህ የመጨረሻው ባሰብን። የአባቴ ልጅ እኔም ስለሆንኩ፣ በሰንሰለቱ መሠረት ሰው ሁሉ የራሱ ዘመድ ሆነ፤ ያንን መከልከያ መንገድም በዚያው ቋንቋ የለም። ዝምድናን ማውጣት ቻልን፤ ጋብቻውን መከልከል ግን አልቻልንም። የሥራው ፍሬ የነበረው ግን ያ ነበር።

ያን ክፍል ስፓርክል (SPARQL) በተባለው የመረጃ መጠየቂያ ቋንቋ ሠራነው፤ ሁለት መስመር ነው። እዚህ ላይ ግን እንጅባራን ልመልስ። ተራ ዳታቤዝ ብንጠቀም ኖሮ ቅድመ አያቱ ያልተመዘገበለትን ሰው «ዝምድና የላቸውም» ብሎ ያጋባቸው ነበር። ሽማግሌ ግን እንዲህ አይልም፤ «የአያታቸውን አባት አላወቅሁም፤ ጠይቃችሁ ኑ» ነው የሚለው። ክፍት ዓለም ማለት ይኸው ነው። ለይዞታ ደብተር ያስቸገረው እሳቤ ለዘር ቆጠራ ትክክለኛው ሆኖ አገኘነው። እኔ ቋንቋውን የምነቅፈው ለሁለቱ የሚሆን መቀየሪያ በአንድ ሰነድ ውስጥ ስለሌለው ነው፤ አንዱ ቋት ውስጥ የተሟላ መዝገብም ያልተሟላ መዝገብም አብሮ ይኖራልና።


የጮቄ ልጅ
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኛም ማሳው በቀበሌ፣ ቀበሌው በወረዳ፣ ወረዳው በዞን ውስጥ ነው የሚለውን ተሸጋጋሪ ግንኙነት አድርገን «ቀበሌ በአንድ ወረዳ ብቻ ነው» ስንል ለምን እንደተከለከልን አሁን ገባን። ተሸጋጋሪውም ተራ አይደለም ማለት ነው። የቅርቡን ግንኙነት ለብቻ ፈጥረን ቁጥሩን እዚያ ላይ ገደብን፤ ተሸጋጋሪውን ከላዩ አደረግነው፤ ሠራ።

የድንቹ ጉዳይ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም።


ሰርገኛ ጤፍ
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ እኔ በሙያዬ የሰብል ባለሙያ ነኝ፤ ወደ ኦንቶሎጂ የገባሁት ዳንግላ ላይ ስሠራ በአጋጣሚ ነው። የድንቹን ነገር እንዲህ ተረዱት። አውል አንዴ የደመደመውን በኋላ በሚመጣ ወሬ አይሽርም፤ ዕውቀት ሲጨመር መደምደሚያው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ «ኖራ ይደረግ፤ ድንች ከሆነ ግን ይቅር» የሚለውን የእኛን አነጋገር እንዳለ አይቀበለውም። ልዩ ሁኔታውን ከደንቡ ሆድ ውስጥ አስገብታችሁ «አሲዳማ የሆነና ድንች የማይተከልበት» ማለት ግድ ይሆናል። ይህን ባላችሁ ጊዜ ደግሞ ክፍት ዓለሙ ይመጣባችኋል፤ ድንች እንደማይተከልበት ካልተረጋገጠለት አይደመድምም። ስለዚያ ማሳ የተጻፈው ገብስ እንደሚዘራበት ብቻ ቢሆን፣ ድንችም አብሮ ሊኖር ይችላል ብሎ ይጠብቃል። ምክሩ የቆመባችሁ በዚህ ነው።

ማምለጫው ሁለት ነው። አንደኛው በወቅቱ በማሳው ላይ ያለው ሰብል አንድ ብቻ መሆኑን ማወጅና ገብስና ድንች የተለያዩ መሆናቸውን መጻፍ ነው፤ ያን ጊዜ ገብስ ካለ ድንች እንደሌለ ራሱ ያወጣዋል። ለጓሮ መሬት ግን አትሞክሩት፤ በጓሮ በቆሎው፣ ድንቹ፣ ጎመኑና ጌሾው በአንድ ላይ ነው የሚኖሩት። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ልዩ ሁኔታ ያለበትን ምክር በሙሉ ከኦንቶሎጂው ማውጣትና «ድንች ካልተመዘገበ» ማለት በሚችል ጥያቄ ወይም ፕሮግራም መጻፍ ነው። ስዊርልም «ካልተመዘገበ» ማለትን አያውቅም፤ ደንብ ስለተባለ ብቻ ይህን ይችላል ብላችሁ አትጠብቁት።

የምድብ ነገር ሲነሣ የራሴን ስም ልጥቀስ። አንድ ባልደረባ ነጭ ጤፍና ቀይ ጤፍ የማይገናኙ ምድቦች ናቸው ብሎ ከጻፈ በኋላ ሰርገኛን ከሁለቱም ሥር አስገባው። ሪዝነሩም ሰርገኛ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ሊኖር አይችልም አለ። ገበያ ላይ በቁና እየተሰፈረ! ጥፋቱ ግን የቋንቋው አልነበረም። ሰርገኛ የነጭም የቀይም ዓይነት ሳይሆን፣ ነጭም ቀይም ፍሬ በውስጡ ያለበት ድብልቅ ነው። እንዲያ ብለን ስንጽፈው ተስተካከለ። እንዲህ ያለውን ስሕተት ማውጣት ላይ ይህን ቋንቋ የሚተካከለው አላየሁም፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ያልተፈታልኝ ግን ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዛፍ የሚተከልበት ማሳ ነው። በአዊ እንደምታዩት ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አብሮ ያበቅላል፤ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያም መልሶ ያርሰዋል። መሬቱ ያው አንድ መሬት ነው፤ የእርሻ ማሳ ነው ወይስ ደን? የአውል ግንኙነት ሁለት ነገሮችን ብቻ ያገናኛል፤ «ይህ ማሳ በዚህ ወቅት ይህ ነበረ» ለማለት ሦስተኛ ቦታ የለውም። ስለዚህ ወቅቱን ራሱን አንድ ነገር አድርገን፣ ማሳውንም ሰብሉንም መጀመሪያና መጨረሻውንም በእርሱ ላይ አሰርን። መረጃው በአራት እጥፍ በዛ፤ የጮቄ ልጅ የሚመካበት ራሱን የሚያወጣ ምድብም ደከመ፤ ማሳው «አሁን» ምን እንደሆነ ለማወቅ የዛሬን ቀን ማነጻጸር ያስፈልጋልና፣ ያ ደግሞ የዲማ ተማሪ እንዳሉት የስሌት ነገር ነው።


እንጅባራ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

የሽማግሌው ምሳሌ አሳምኖኛል፤ ስለ ዳታቤዙ ያልኩትን በከፊል አነሣለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። የማሳው ብዛት ከመቶ ሺህ ሲያልፍ ሪዝነሩ ይችለዋል?


ጡረተኛው መምህር
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

በምትጽፉት ላይ ይወሰናል። የአውል ሁለትን ሙሉ አቅም ከተጠቀማችሁ፣ ከሁሉ የከፋው ጉዳይ የሚወስደው ጊዜ ከመረጃው መጠን ጋር የሚያድገው በዕጥፍ ላይ ዕጥፍ ነው። በተግባር ሁልጊዜ እንዲያ አይሆንም፤ ነገር ግን ትናንት በደቂቃ ያለቀው ሥራ አንዲት «ወይም» በመጨመሯ ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር አይቻለሁ፤ የትኛዋ መስመር እንዳዘገየችው ማወቅ ደግሞ መርፌ ከሣር ክምር መፈለግ ነው።

ለዚህ ሲባል የተቀነሱ ሦስት መልኮች ለአውል ሁለት ተሠርተውለታል። ኢኤል የሚባለው «ወይም»ን፣ «አይደለም»ንና ቁጥርን መገደብን ትቶ ፍጥነትን ይገዛል። ስኖሜድ ሲቲ የተባለው የሕክምና ቃላት ሥርዓት ከ300,000 በላይ ፅንሰ ሐሳቦች ይዞ የሚንቀሳቀሰው በዚህ መልክ ነው፤ ኤልክ የተባለው ሪዝነር በሴኮንዶች ይመድበዋል። ኪውኤል ከዳታቤዝ በላይ ለመቀመጥ የተሠራ ነው። አርኤል ደግሞ በደንብ ሞተር የሚፈጸም ስለሆነ፣ የማሳው ቁጥር ብዙ፣ ፍቺው ግን ቀላል ለሆነ ሥራ ይስማማል። የእናንተ ሥራ ለአርኤል የቀረበ ይመስለኛል፤ ነገር ግን «እያንዳንዱ ማሳ መለኪያ አለው» የሚለው ዓይነት መደምደሚያ በአርኤል አይጻፍም። ለእናንተ እንዲያውም ጥቅም ነው፤ ያ መስመር ሥራው ሻክል ውስጥ ነውና።

ከመልክ ወደ መልክ ስትሻገሩ መሣሪያው የማያውቀውን መስመር ሁልጊዜ አይነግራችሁም። ዝም ብሎ ይዘለዋል፤ መልሱም የተሟላ ይመስላል። ከዝግታው ይልቅ ይህ ያስፈራኛል።


የጮቄ ልጅ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለፉት ሦስት ቀናት የጻፍነውን ሁሉ አንድ በአንድ አንሥተን ለየን። በኦንቶሎጂው ውስጥ የተውነው የከፍታውን ቀበቶ፣ የአፈር ዓይነቶችን፣ የሰብል ዝርያዎችንና የአስተዳደር እርከኑን ነው። የመለኪያው ግዴታና የባለይዞታው ቁጥር ወደ ሻክል ሄደ፤ ባልና ሚስት ተለያዩ። የኖራው ምክር ከነልዩ ሁኔታው በስፓርክል ተጻፈ፤ በዓላቱን የዲማ ተማሪ እንዳደረጉት በፕሮግራም እያሰላን ውጤቱን እናስገባለን። ከጻፍናቸው የስዊርል ደንቦች ውስጥ ሁለት ብቻ ቀሩ፤ ሁለቱም የጎረቤት ማሳዎችን ከፍታ የሚያነጻጽሩ ናቸው።

ደስ ያላለኝ ነገርም አለ። ዕውቀቱ አሁን በአራት ቦታ ተበትኗል። አንድ የግብርና ባለሙያ «ለምንድን ነው ለዚህ ማሳ ኖራ ያልተመከረው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቀድሞ ሪዝነሩ ምክንያቱን በተርታ ያሳይ ነበር፤ አሁን ግን ምክንያቱ ከፊሉ ኦንቶሎጂው ውስጥ፣ ከፊሉ ጥያቄው ውስጥ ስለሆነ በሰው አፍ ካልሆነ አይነገርም። ለእያንዳንዱ ስፓርክል ጥያቄ የምክሩን ምክንያት በአማርኛ ጽፈን አብረን እያስቀመጥን ነው፤ ጥያቄው ሲለወጥ ጽሑፉም መለወጡን የሚጠብቅ ግን ከእኛ በቀር ማንም የለም።

ሰርገኛ ጤፍ፣ በዲከረንስ ማሳ ላይ ወቅቱን ነገር ካደረጋችሁ በኋላ «አሁን ምንድን ነው?» የሚለውን እንዴት ፈታችሁት?


ሰርገኛ ጤፍ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

አልፈታነውም፤ ዞርነው። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ፣ ሰኔ ላይ፣ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ያልተዘጉትን ወቅቶች አይቶ ለእያንዳንዱ ማሳ «የዘንድሮ አጠቃቀም» የሚል አንድ መስመር ይጽፋል፤ ያለፈውን ዓመት መስመር ያጠፋዋል። ሪዝነሩ የሚያየው የዘንድሮውን ብቻ ነው። ገበሬው በመካከል ዛፉን ቆርጦ ካረሰው እስከሚቀጥለው ሰኔ ድረስ ደን ብለን እንጠራዋለን፤ ቀበሌ ያለው የልማት ሠራተኛ ደውሎ ካልነገረን በቀር። ለእርሱ ብለን አንድ ቁልፍ ሠርተንለታል፤ እስካሁን በአብዛኛው የሚሠራው እርሱ ነው።